ምስሉ እንዴት ነው?

ቀበና፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአያንቱ፣

የሰመራ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ለበሽተኛ «ውኃ ጠጡ» እያልሽ ስትመክሪ ውለሽ ራስሽን እንዳትረሺ። እኛ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነን። ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ማዕዶት ናት፤ ያቺ ከጎናችን ያለችው። ለሥራ ወደ እናንተ ዘንድ ልትመጣ ነው ብትለኝ ጊዜ እስክሪብቶ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልኩ የጋራችን ነው። አንቺ ራስሽ ለፋሲካ መጥተሽ ለአባትሽ እንዲናገርለት ካደረግሽው ወዲህ የገባውንም የወጣውንም መልእክት ጮክ ብሎ ያነብባል። ደውዬ እንዳልነግርሽ ደግሞ የአባትሽን ጆሮ ታውቂዋለሽ። ግላኮማው ዓይኑን ከወሰደበት ጊዜ ጀምሮ ጓሮ ሆኜ ያንሾካሾክሁትን ሳሎን ተቀምጦ ይመልስልኛል። የማይሰማው ወረቀት ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን አሁን አጠገቤ ተቀምጦ የእስክሪብቶዬን ድምፅ እያዳመጠ ነው።

«ረዘመ» አለኝ ቅድም።

«ለልጄ ነው የምጽፈው፤ ምን አስቸኮለኝ?»

«ምን አልሻት?»

«ዝናቡ አባራ አልኳት።»

«ገጹን ስትገለብጪ ሰምቻለሁ፤ ለዝናብ ይህን ያህል?» ብሎ ሳቀ።

እሱ ይሳቅ። እኔን ግን ሳቅ ከራቀኝ ሰንብቷል። ሆዴ ውስጥ የገማ ነገር ይዤ ነው የምዞረው፤ ለአንድ ሰው ካልተነፈስኩት ያፈነዳኛል። የወንድምሽ ነገር ነው፤ የልደቱ።

ቪዲዮውን አይተሽዋል። «ዓይነ ስውሩን አባቴን ሰርፕራይዝ ሳደርገው» የሚለውን። ከሥሩ «እልልል! ተባረክ ወንድሜ» ብለሽ የጻፍሽውንም ስልኩ አንብቦልናል። አልፈርድብሽም። ውጪውን ለሚያይ ያምራል። እኔ ውስጡ ነበርኩና ልንገርሽ።

በመስከረም መጨረሻ ልደቱ ካሜራ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ጉርድ ሾላ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሱቁን ሰው እንዲያውቅለት ቪዲዮ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ግድግዳ የሚያህል አዲስ ቴሌቪዥን ሰቀሉ። ከሥሩ ሳውንድ ባር የሚሉትን፣ ክርን የሚያህል ጥቁር ዱላ አጋደሙ። አባትሽን የሀገር ልብስ አለበሱና ደጅ አቁመው «አሁን ግባ» አሉት።

«አባቴ፣ እርስዎ ለእኔ ያልሆኑልኝ ነገር የለም» ብሎ ጀመረ ልደቱ። ሰማሽ? ቤት ውስጥ «አንተ ሽማግሌ» እያለ ሲቀልድበት ያደገ ልጅ፣ ለካሜራው አንቱ አለው! ካሜራው ቆም ሲል ወዲያው ወደ አንተ ተመለሰ።

«አባዬ፣ ቶሎ ነካኸው እኮ! መጀመሪያ ትንሽ ፈልገው። እንደጠፋብህ ሁን።»

አባትሽ የወንበሩን እግር፣ የምንጣፉን ጫፍ ሳይቀር በሚያውቅበት በገዛ ሳሎኑ ውስጥ እንደጠፋበት ሆነ። እጁን ዘርግቶ አየሩን ዳበሰ። ደግመው አስደረጉት፤ አሁንም ደገሙት። «እንባ ከመጣልህ ጥሩ ነው፤ ካልመጣም ችግር የለም፣ ሙዚቃ እንጨምርበታለን» አለው ወንድምሽ። እኔ ማድ ቤት በር ላይ ቆሜ አያለሁ። አባትሽ ግን «ልጄ ደስ ይበለው» ብሎ እልልም አለላቸው።

የአባትሽን አምፕሊፋየርና ስፒከሮች «ካሜራ ውስጥ እየገቡ ያስጠላሉ፤ ሰርቪስ ተደርገው ይመለሳሉ» ብለው በዚያው ጭነው ወሰዱ። ዕቃው ለአባትሽ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ወንዙ ዳር ፊልም ያሳይባት የነበረችው ቪዲዮ ቤት ስትዘጋ አግዳሚውንም መጋረጃውንም ለሰው ሰጥቶ ስድስቱን ስፒከርና አምፕሊፋየሩን ብቻ ነው ተሸክሞ የገባው። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህማ እነሱው ናቸው ዓይኑ። ሰው ሲያወራ ከፊቱ፣ በር ሲከፈት ከቀኙ፣ ዝናብ ሲዘንብ ከኋላው ይሰማና መሃል ተቀምጦ ፊልሙ ውስጥ ይገባል። «ማየት ነው እንጂ ያቆምኩት፣ መግባትስ አላቆምኩም» ይል አልነበር?

በማግስቱ ደግሞ «ሶፍትዌር ይጫንበታል» ብለው ቴሌቪዥኑን ነቅለው ወሰዱት። ወዲያው መልሰው ሰቀሉት። አባትሽ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር። እነሱ ከወጡ በኋላ ሪሞቱን ተጫንኩ።

አያንቱ፣ የተሰቀለው ሌላ ቴሌቪዥን ነው። መሃሉ ላይ ድንጋይ ያረፈበት መስኮት ይመስላል፤ ከዚያ የሸረሪት ድር ወደ ጥግ ይሄዳል፣ የቀኙ ግማሽ ቀለም የተደፋበት ያህል ጥቁር ነው። ከግራው በኩል ግማሽ ጋዜጠኛ አንድ ዓይኑን ይዞ ዜና ያነብባል።

በር ላይ ወጥቼ ደወልኩለት። «ልደቱ፣ ይህ የተሰበረ እኮ ነው» አልኩት።

ምን እንዳለኝ ልንገርሽ። ቃሉን ሳላጎድል ነው የምጽፍልሽ። «እማ፣ አባዬ እኮ አያይም። አንቺ ደግሞ ቴሌቪዥን አትወጂም። ድምፁ ይሠራል አይደል? ያኛውን ደንበኛ ፈልጎት ነው። አታካብጂ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ቧንቧው ሥር ሄጄ እጄንም ጆሮዬንም ታጠብኩ። ከሌላ ሰው ልጅ ብሰማው እርም ነው ብዬ ደጁን አልረግጥም ነበር። ከማህፀኔ የወጣ ሲሆን ምን ይደረጋል? ትፍ ብዬ የምተፋውስ ወዴት ነው?

ለአባትሽ አልነገርኩትም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ተቀመጠና «ምስሉ እንዴት ነው?» አለኝ። «እንደ መስታወት ነው» አልኩት። ደስ አለው። የልጁን ስጦታ አመሰገነ። ከዚያ አዳመጠ፣ አዳመጠና ፊቱ ቀስ በቀስ ወረደ።

«አስሬ፣ ሁሉም በአንድ አፍ ነው የሚያወራው። ሰውም ዝናብም መኪናም እዚያች ዱላ ውስጥ ታጭቀዋል። ኋላዬ የት ሄደ?»

«ሰርቪሱ ሲያልቅ ይመጣል።»

እየዋለ እያደረ መክፈቱንም ተወው። ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይውላል። ዝምታው ቤቱን አጨለመው።

ዕቃው የት እንዳለ የነገረችኝ ማዕዶት ናት። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት አጠገብ ያለ ሥጋ ቤት ጥብስ ልትበላ ሄዳ የአባትሽን የእጅ ጽሑፍ አየች። እያንዳንዱ ስፒከር ላይ በነጭ ቀለም «ፊት ቀኝ»፣ «ኋላ ግራ» እያለ ጽፎባቸው የለ?

ነጠላዬን አጣፍቼ ዳገቱን ወጣሁ። ልጄ፣ ባላየሁ! «መሃል» የሚለው ስፒከር መሬት ላይ ተጋድሞ የቢራ ሳጥን ተደርድሮበታል። «ኋላ ግራ» ሽንት ቤት በር ላይ ተሰቅሏል። አምፕሊፋየሩ ላይ የጮማ ቅባት ደርቆ የብርጭቆ ቂጥ ምልክት ሆኗል፤ ዝንብ ይመላለስበታል። አባትሽ በንጹሕ ጨርቅ ሲወለውለው የኖረ ዕቃ! ሥጋው ሸተተኝ፣ ዘፈኑ ጆሮዬን ደበደበኝ፣ የተቀመጡት ሰዎች ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ያዩኛል።

ባለቤቱ በአምላክ የሚባል ወጠምሻ ነው። «ይህ የባለቤቴ ዕቃ ነው፤ ልወስደው መጥቻለሁ» አልኩት።

«ማዘር፣ ልደቱ ነው የሸጠልኝ። ከእሱ ጋር ይነጋገሩ።»

«የእሱ አይደለም፤ የአባቱ ነው።»

«እኔ በዚህ መሃል አልገባም።»

«አትግባ። እኔ እቀመጣለሁ» ብዬ ሥጋ ከሚቆረጥበት ፊት ለፊት ወንበር ሳብኩ። ቀኑ ዓርብ ነው። «ምን ይምጣ?» አለችኝ አስተናጋጇ። «ስፒከር» አልኳት። ደንበኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ላይ ግን በጾም ቀን ነጠላ ያጣፋች አሮጊት ፊታቸው ተቀምጣ ስታያቸው መዋጥ አቃታቸው መሰለኝ፣ አንድ ሁለቱ ሂሳብ ጠየቁ። በአምላክ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ።

«እናቴ፣ ገበያዬን ዘጉብኝ እኮ።»

«ባለቤቴ ዓይነ ስውር ነው። የሚያይበት በእነዚህ ነው» አልኩት።

«ያ ቪዲዮ ላይ ያሉት ሰውዬ? የእሳቸው ነው?»

«አይተኸዋል?»

«ወድጄው ለሰው ሁሉ ልኬዋለሁ» አለና መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ተነስቶ ዘፈኑን አጠፋ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ያለውን ራሱ ወንበር ላይ ቆሞ አወረደው። በገዛ መኪናው ጭኖ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ሸሚዙ ላይ ደም ነበረበት፤ ግን የዚያን ቀን ካየኋቸው እጆች ንጹሑ የእሱ ነው።

ደጅ አስቀምጬ በሳሙና ፈተግሁት። ወደ ቤት ሳስገባው አባትሽ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ፣ «ሰርቪስ የሚያደርጉት ሥጋ ቤት ነው እንዴ?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ተንበርክኮ አምፕሊፋየሩን እንደ ሕፃን ጀርባ ዳበሰው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አዲሱ ቴሌቪዥን የድሮውን ቀይና ነጭ ጃክ የሚቀበል ቀዳዳ የለውም። ጀርባው ላይ ያለው አንዲት ጥፍር የምታህል አራት ማዕዘን ብቻ ናት፤ ድምፁ በብርሃን ነው የሚወጣው አሉ። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ይህን ቋንቋ አያውቅም። ጉርድ ሾላ ሄድኩ፣ የልደቱን ሱቅ በሩቁ አልፌ። ሌላ ሱቅ ያለ ሻጭ ሳቀብኝ። «ማዘር፣ ይሄን ዕቃ ጣሉትና ብሉቱዝ ይግዙ» አለኝ። እምቢ ስለው የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ሰጠኝ። ብርሃኑን ወደ ድምፅ ትቀይራለች አለ። ቤት ወስደን ስንሰካት ዘይት ላይ ሽንኩርት የተጣለ ይመስል ጭስስስ አለች። ሪሞቱን ስንጎረጉር ቆይተን ሰው ተናገረ፤ ግን ከፊት ቀኝና ከፊት ግራ ብቻ።

«ይቺ ባለ ሁለት አፍ ናት» አለ አባትሽ። «የኔ አምፕሊፋየር ጀርባ ላይ ስድስት ቀዳዳ በተርታ አለ። ስድስት አፍ ያላትን ፈልጊልኝ።»

ተመልሼ ሄጄ ባለ ስድስቷን አገኘሁ። ያን ጊዜ አባትሽን ብታዪው! ጃኮቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየለየ፣ ማንም ሳይመራው፣ ከሳጥኗ ወደ አምፕሊፋየሩ ሰካቸው። የብርሃን ሽቦዋን ሰጠሁት።

«ጫፏ ላይ ይበራል?»

«ቀይ ሆኖ ይበራል።»

«ቶሌ» አለ በአባቱ ቤት ኦሮምኛ። እሺ ማለቱ ነው።

ድምፅ የለም። ቴሌቪዥኑ ድምፁን እንዳለ፣ ወደ ሁለት አፍ ሳይጨምቅ እንዲልከው ከሜኑው ላይ መምረጥ አለብኝ። ሜኑው ደግሞ በቀኝ በኩል፣ ጥቁሩ ውስጥ ነው ያለው። አይታይም። በጭፍኑ ቀስት እየተጫንኩ ላብ አጠመቀኝ።

«ምን ሆንሽ? ጽሑፉ ደቀቀብሽ?»

«መነጽሬ ነው።»

ተነሳ። «ሽቦዋ ላልታ እንዳይሆን» ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደና እጁን ከዳር ወደ ኋላ ሊያዞር ሲል መዳፉ መስታወቱ ላይ አረፈ። ቆመ። ጣቱ ስንጥቁን ይዞ ከመሃል እስከ ጥግ ቀስ ብሎ ሄደ።

«አስሬ፣ ምስሉ እንዴት ነው?» አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው ካልሽ ጥሩ ነው» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። «አሁን ቀስቱን አንድ አንድ እያልሽ ተጫኚ። እኔ እየሰማሁ እነግርሻለሁ።»

ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፤ በድንገት ከጀርባችን ነጎድጓድ ጮኸ። ዘልዬ ተነሳሁ። ዝናቡ ከኋላ፣ ፈረሱ ከቀኝ፣ ሰውየው ከፊት። አባትሽ አንገቱን ወደ ኋላ ለቀቀና ዓይኑን ጨፈነ። አልቅሶ ከሆነ ማንም ካሜራ አልነበረም።

እሑድ ልደቱ መጣ። በአምላክ ነግሮታል መሰለኝ፣ ፊቱ ቀላ ብሏል። ስፒከሮቹን ሲያይ ግን ሌላ ነገር መጣለት። «ዋው! አሮጌው ከአዲሱ ጋር! ይሄ እኮ ቆንጆ ቪዲዮ ይወጣዋል» ብሎ ስልኩን አወጣ።

«ስልክህን ኪስህ ክተትና እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥ» አለው አባትሽ።

ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከተሰካው ፍላሽ ፊልሙ ተከፈተ። ድምፁ ቤቱን ሞላው።

«እንዴት ነው?» አለው።

«አንደኛ ነው አባዬ! ሲኒማ ነው የሚመስለው።»

«ምስሉስ እንዴት ነው?»

ከልደቱ ፊት ለፊት የሸረሪት ድር አለ። ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ልጄ እያየው፣ «ቁልጭ ያለ ነው» አለ።

«ደህና አድርገህ እየው እስቲ። ዕድሜ የተጫነኝ ሰው ነኝ፤ ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ።»

«ቁልጭ ያለ ነው አልኩህ እኮ! አዲስ አይደል እንዴ?»

ፊቱን አየሁት። ያጠባሁት ፊት ነው። አልቀላም፣ አልደነገጠም፤ ለደንበኛ የሚያሳየውን ፈገግታ ነው የሚያሳየው፣ ለማያይ ሰው! እንደዚያ ቀን ሰው የቀፈፈኝ ጊዜ የለም።

አባትሽ ተነስቶ የብርሃን ሽቦዋን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነቀላት። በጣቱ ፈልጎ የዲሹ ሪሲቨር ጀርባ ላይ ሰካት። ለካ እሱም ያቺን ቀዳዳ አለው። ዜና የሚያነብበው ሰውዬ ከመሃል ስፒከር ጥርት ብሎ ተናገረ። ቴሌቪዥኑ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም።

«በል አሁን ከግድግዳው አውርደው» አለ።

«አባዬ...»

«ድምፁ እኔ ዘንድ ይቅር። ምስሉ ካማረህ ይዘኸው ሂድ።»

ልደቱ ወደ እኔ ዞረ። «እናትህን አትያት» አለው አባትሽ። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰምቶ ነው። ልደቱ ብሎኑን እየፈታ፣ በቀስታ፣ «እማ፣ የምሸፍንበት አንሶላ ስጪኝ» አለኝ። አልሰጠሁትም። መስታወቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ ሰው ከቅዳሴ በሚመለስበት ሰዓት፣ በግቢው መሃል ተሸክሞት ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ አየ። ቪዲዮውን ያዩት እነዚያው ጎረቤቶች።

ከሄደ በኋላ አባትሽ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«ከእንግዲህ የምታዪውን ንገሪኝ። ቢያስጠላም ንገሪኝ» አለኝ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። እኔም በአባትሽ ፊት «የዚያን ልጅ ስም ከአፌ አላወጣም» ብዬ ምያለሁ።

አሁን ቤታችን ያለ ቴሌቪዥን ነው። ፊልም በፍላሽ ሪሲቨሩ ላይ እንሰካለን፤ የቱ እንደሆነ የምናውቀው ሲጀምር ነው። ባለፈው መንፈሳዊ ትረካ መስሎኝ የጦርነት ፊልም ከፍቼ ከኋላ ሲተኮስብኝ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ መስማት እየለመድኩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አለ። አመሻሽ ላይ የግቢው በር ሲንቋረር አባትሽ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ትንሽ ይጠብቃል። የእግሩ ኮቴ የሌላ ሰው ሲሆን መልሶ ከፍ ያደርገዋል። አልጠየቅሁትም።

አያንቱ፣ ወንድምሽ መደወሉ አይቀርም። እንደፈለገ ያውራልሽ፤ የምትይውን አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ዘግተሽበት አትሂጂ። የጨጓራ መድኃኒቱን ይውሰድ አይውሰድ ጠይቂው። ሲከፋው በባዶ ሆዱ ቡና እንደሚጠጣ ታውቂ የለ? የመጣ ቀን ከስቷል፤ አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። የነገረሽን ለማዕዶት ጽፈሽ ስጫት። በስልክ እንዳትነግሪኝ። እኔ እንዳልኩሽም እንዳትነግሪው።

ዛሬ መድኃኔዓለም ነው። ስዕለት ባይኖረኝም ለሁለታችሁም ጧፍ አብርቻለሁ። ከክፉ ዓይን ከክፉ ልብ ይሰውርሽ፤ የያዝሽው በሽተኛ ይዳንልሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ፤ የወለድሽው ደግሞ ቀና ብለሽ የምታዪው ይሁንልሽ።

እናትሽ
አስረሳሽ

አባትሽ «ሰላም በያት፤ ዝናቡ ማባራቱን ደግመሽ ንገሪያት» ብሎሻል።